የሮማ ፈረሰኛ ኮርቻ፣ ልጓምና ግልቢያ፦ ከየትኛው ልጀምር ለሚል ሰው

የጥንት ሮማ ፈረሰኞችን ዕቃ እንደገና ሠርቶ መጋለብ የሚያምረው ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው የሚያብረቀርቀውን ነው። ጌጡ በሙዚየም መስታወት ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሠሪውም አይጠፋም። ኮርቻው ላይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ከሮማ የጦር ሰፈሮች ቁፋሮ የወጣው የኮርቻው የላይ ቆዳና የቀንዶቹ ነሐስ ነው። ውስጡ ምን እንደነበር ባለሙያዎቹ ራሳቸው ተከራክረውበታል። ገዢውም እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ዕቃዎች ሁሉም «የሮማ ኮርቻ» ሲባሉ እየሰማ ግራ ይጋባል።

የኔ አቋም ግልጽ ነው። ገንዘቡም ጊዜውም መጀመሪያ ለፈረሱ ጀርባና ለጋላቢው መቀመጫ ይዋል። ጌጡ በኋላ ይደርሳል። ለምን እንዲህ እንደምል ከታች ታያላችሁ።

በምን እንመዝን?

አምስት መመዘኛ ይዣለሁ። ቅደም ተከተላቸውም ሆን ተብሎ ነው።

የመጀመሪያው የፈረሱ ጀርባ ነው። ዕቃው ያቆስላል ወይስ አያቆስልም? ሁለተኛው የጋላቢው ደኅንነት ነው። ሦስተኛው ማስረጃ ነው፤ የተሠራው ነገር ከተገኘው ቆዳ፣ ነሐስና የድንጋይ ቅርጽ ጋር ምን ያህል ይገጥማል? አራተኛው የአሠራሩ ክብደት ነው፤ ጎበዝ ቆዳ ሰፊ ብቻውን ይወጣዋል ወይስ አናጢና ብረት ሠሪም ይፈልጋል? አምስተኛው ወጪ ነው። ወጪ ስል የመግዣውን ብቻ አይደለም። ፈረስ ስትቀይሩ ኮርቻውም መቀየር ካለበት እሱም ወጪ ነው።

የፈረሱን ጀርባ ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ከቁፋሮ የተገኙ አጥንቶች እንደሚያሳዩት የሮማ ጦር ፈረሶች የትከሻ ቁመት በአብዛኛው ከ130 እስከ 150 ሴንቲሜትር ነበር። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ ለዝላይ ውድድር ከሚቀርቡት ግዙፍ ፈረሶች በጣም ያንሳሉ። በአሁኑ የፈረስ አያያዝ በሰፊው የሚጠቀሰው ልክ ደግሞ ፈረስ ከራሱ ክብደት 20 በመቶ በላይ አይሸከም የሚል ነው። እስቲ አስሉት። 350 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ 70 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። የሰንሰለት ጥሩር ብቻውን 10 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ኮርቻው፣ ጋሻውና ሰይፉ ሲጨመሩ ለሰውየው የሚቀረው ትንሽ ነው። ስለዚህ ከባድ ሰው ከሆናችሁ ወይ ተለቅ ያለ ፈረስ ፈልጉ፣ ወይ ጥሩሩን ተዉት።

ዘመንና ቦታ ሳትመርጡ ምንም አትዘዙ

ሮማ የብዙ መቶ ዓመታት ታሪክ ነው። የ1ኛው ክፍለ ዘመን ጌጥ በ3ኛው ክፍለ ዘመን ልጓም ላይ ከተንጠለጠለ ገንዘቡ ባከነ። ለጀማሪ የምመክረው ከ1ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 2ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያለውን የራይን ወንዝና የብሪታንያ ድንበር ነው። ማስረጃው እዚያ ይበዛል። ከኔዘርላንድስ ፋልከንቡርግ እና ከሰሜን እንግሊዝ ቪንዶላንዳ የኮርቻ ቆዳ ተገኝቷል። ከስኮትላንድ ኒውስቴድ የቀንድ ነሐሶችና ልጓሞች ወጥተዋል፤ ግኝቶቹ ኤዲንብራ በሚገኘው የስኮትላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ይታያሉ። ቆዳው ይህን ያህል ዘመን የቆየው በተክል ቅርፊት የተለፋ ስለነበርና አየር በማይገባው እርጥብ አፈር ስለተቀበረ ነው። እናንተም በተክል የተለፋ ቆዳ እዘዙ። በክሮም የተለፋው ርካሽ ቢሆንም ቅርጽ አይዝም፤ መልኩም ያሳብቅባችኋል።

የፈረሰኛ ምስል የተቀረጸባቸው የመቃብር ድንጋዮችም አሉ። ኮሎኝ የፍላቪየስ ባሱስ፣ ሄክሳም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የፍላቪኑስ፣ ላንካስተር ደግሞ በ2005 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የተገኘው የኢንሱስ ድንጋይ ይታያሉ። ጀርመን ወይም እንግሊዝ የምትኖሩ ወገኖች በአንድ ቅዳሜና እሁድ ደርሳችሁ ልታዩአቸው ትችላላችሁ። ስትሄዱ የፈረሰኛውን ፊት ብቻ አታንሱ። ማሰሪያዎቹ የሚገናኙበትን ቦታ፣ የኮርቻውን ቀንድና የግላሱን ጠርዝ በቅርብ አንሱ። ዕቃ ሠሪያችሁ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

ኮርቻው፦ አራት መንገድ

እርካብ እንደሌለ አስቀድመን እንያዝ። እርካብ አውሮፓ የገባው ከ6ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ፣ በተለይ ከእስያ በመጡት ፈረሰኞች፣ ከአቫሮች ጋር ነው። የሮማ ፈረሰኛ የሚይዘው እርካብ ሳይሆን አራት ቀንድ ነበር። ሁለቱ የፊት ቀንዶች ወደ ውጭ ዘንበል ብለው ታፋ ላይ ያርፋሉ። ሁለቱ የኋላዎቹ ከዳሌ ጀርባ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ሰውየው ሲቀመጥ በአራቱ መካከል ይያዛል። ሰይፍ ለመሰንዘር ወደ ቀኝ ሲያጋድል የግራ ታፋውን የግራው የፊት ቀንድ ያስቀርለታል።

*የእንጨት አጽም ያለው።* እንግሊዛዊው የጥንት ጦር ተመራማሪ ፒተር ኮኖሊ በ1980ዎቹ የኮርቻ ቆዳዎቹን የስፌት መስመርና የተወጠሩበትን ቦታ መረመረ። ቆዳው ጠንካራ እንጨት ላይ ተወጥሮ ነበር ብሎ ደመደመ፤ ሠርቶም አሳየ። አሠራሩ ለኛ እንግዳ አይደለም። የአገራችን ኮርቻም ውስጡ እንጨት ነው። ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ሁለት ሳንቃ ይጋደማል። ሳንቃዎቹን ከፊትና ከኋላ ቅስት እንጨት ያያይዛቸዋል። ቀንዶቹ ቅስቶቹ ላይ ይቆማሉ። ክብደቱ በጎንና ጎን ይሰራጫል፤ አከርካሪው ነጻ ይሆናል፤ መሃሉ አየር ያገኛል።

ችግሩ እንጨት አለመታጠፉ ነው። ለአንዱ ፈረስ የተጠረበ ሳንቃ ሌላውን ያቆስላል። ያው ፈረስ ራሱ በበጋ ከስቶ በክረምት ይወፍራል። ስለዚህ አናጢው ፈረሱን በአካል ሳያይ እንጨት አይቁረጥ። ርቆ ካለ ደግሞ በሚታጠፍ ሽቦ የጀርባውን ቅርጽ ሦስት ቦታ ላይ ወስዳችሁ በካርቶን ላይ ሥላችሁ ላኩለት። ከግልቢያ በኋላ ኮርቻውን አውርዳችሁ ላቡን ተመልከቱ። ዙሪያው ረጥቦ መሃሉ ላይ ደረቅ ቦታ ካያችሁ እዚያ ጋ እንጨቱ ይጫናል። ጸጉሩ ነጭ እስኪሆን አትጠብቁ።

*አጽም የሌለው፣ በገለባ ወይም በጸጉር የተሞላ።* ከኮኖሊ በፊት የነበረው አረዳድ ይህ ነው። ቆዳው ተሰፍቶ ይሞላል፤ ቀንዱም ተሞልቶ ይቆማል። ጎበዝ ቆዳ ሰፊ ያለ አናጢ ይጨርሰዋል። ለተለያየ ፈረስም ይመቻል። ይሁን እንጂ ሙሌቱ እየተጨመቀ ሲሄድ ክብደቱ አከርካሪው ላይ ይወድቃል። ቀንዱም ይለዝባል፤ በጭንቅ ሰዓት የምትመኩበት እሱ ነው። ቀላል ሰው ለአጭር ግልቢያ ቢጠቀምበት አልቃወምም። ጥሩር ለብሶ ግማሽ ቀን መዋል ግን ፈረሱን መበደል ነው።

*የዛሬ አጽም፣ የሮማ ልብስ።* ውስጡ ስፋቱ የሚስተካከል ዘመናዊ የኮርቻ አጽም ይሆናል። ቀንዶቹ ይጨመሩበታል፤ ከላይ በጥንቱ ስፌት ቆዳ ይለብሳል። ለአጥኚ ሰው አይሆንም። በየበዓሉ ተከራይቶ፣ ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን ፈረስ ለሚጋልብ ግን ከሁሉም የምመርጠው ይህን ነው። ሕዝብ ፊት ስትቀርቡ ውስጡ ዘመናዊ መሆኑን በግልጽ ተናገሩ፤ ያ ይበቃል።

*ግላስ ብቻ፣ ወይም ባዶ ጀርባ።* ሮም ባለው የትራጃን ሐውልት ላይ በአዛዣቸው ሉሲየስ ኲዬቱስ የሚመሩት የሰሜን አፍሪካ ፈረሰኞች ያለ ኮርቻ ሲጋልቡ ተቀርጸዋል። ስለዚህ ይህም የሮማ ጦር አካል ነው፤ ከሁሉም ርካሹም ነው። ሚዛን ለመማር ግሩም ነው። ግን በአጭር በአጭሩ ይሁን፤ የሰው አጥንት በቀጥታ የፈረሱን አከርካሪ ይጫናል።

| አማራጭ | የፈረሱ ጀርባ | የጋላቢው መቀመጫ | ለማስረጃው ቅርበት | አሠራር | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| የእንጨት አጽም | በልኩ ከተሠራ በጣም ጥሩ፤ ካልተሠራ አደገኛ | ጠንካራ | ከፍተኛ | አናጢ፣ ቆዳ ሰፊ፣ ነሐስ ሠሪ | ከፍተኛ |
| የተሞላ፣ አጽም የሌለው | ለቀላል ሰውና ለአጭር ጊዜ | መካከለኛ፤ ቀንዱ ይለዝባል | አከራካሪ | ቆዳ ሰፊ ብቻ | መካከለኛ |
| የዛሬ አጽም በሮማ ልብስ | ጥሩ፤ ይስተካከላል | ጠንካራ | ከላይ ብቻ | ኮርቻ ሠሪ | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ |
| ግላስ ወይም ባዶ ጀርባ | ለአጭር ጊዜ ብቻ | ሁሉም በሚዛን ነው | ለሰሜን አፍሪካ ፈረሰኞች ጥሩ | ምንም አይጠይቅም | ዝቅተኛ |

ስለ ቀንዱ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዘሎ ለመውጣት የሚሞክር ጀማሪ ሆዱን ወይም ጭኑን ቀንዱ ላይ ሊመታ ይችላል። ሰፊ ልብስም ይይዛል። እስክትለምዱ ድረስ ከፍ ያለ መቆሚያ ተጠቀሙ፤ ካባውንም አውልቁ።

ልጓም፦ እዚህ ላይ አልደራደርም

ሦስት ዓይነት ተገኝቷል። አንደኛው መሃሉ የሚታጠፍ፣ ሁለት ቀለበት ያለው ቀላል ልጓም ነው። ሁለተኛው ከአፍ ውጭ ወደ ታች የሚወርድ ዘንግና ከአገጭ ሥር የሚያልፍ ብረት ያለው ነው፤ ዛቡ በትንሹ ሲሳብ መንጋጋውን ጨምድዶ ይይዛል። ሦስተኛው አፍንጫ ላይ የሚያርፍ የብረት ማቀፊያ ነው፤ ከልጓም ጋር አብሮ ይታሰር ነበር።

ማስረጃ ለሦስቱም አለ። ስለዚህ «እውነተኛው የሮማ ልጓም ከባዱ ነው» የሚላችሁን ሰው አትስሙ። ቀላሉም እውነተኛ ነው። የሮማ ፈረሰኛ በግራ እጁ ጋሻም ዛብም ይይዝ ስለነበር ፈረሱ ፈጥኖ እንዲታዘዝ ይፈልግ ነበር፤ ከባዱ ልጓም የመጣው ለዚህ ይመስለኛል። እናንተ ግን መቀመጫችሁ ገና ሳይጸና ሚዛን በጠፋ ቁጥር ዛብ ትስባላችሁ። ያን ጊዜ ከባድ ልጓም የፈረሱን አፍ ያደማዋል። ቀላሉን ግዙ። ለዓመታት ጋልቦ እጁ የረጋ ሰው ብቻ ሁለተኛውን ያስብበት። የአፍንጫውን ብረት ለማሳያ ጠረጴዛ ተዉት።

አፍ ውስጥ የሚገባው ብረት ዛሬ ለፈረስ ተብሎ የተሠራ ይሁን። ከውጭ የሚታዩትን ቀለበቶችና የጉንጭ ማሰሪያውን በጥንቱ መልክ አሠሩ።

ማሰሪያና ጌጥ

የደረቱ ማሰሪያና በኋላ እግሮቹ ዙሪያ የሚያልፈው ማሰሪያ ለውበት ብቻ አይደሉም። ዳገት ስትወጡ የደረቱ ኮርቻው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ያደርጋል። ቁልቁለት ላይ የኋላው ወደ ትከሻ እንዳይሄድ ይይዘዋል። ስለዚህ ቆዳውን ጠንካራ አድርጉ፤ ስፌቱን በእጅ አሠሩ። ክብ ጌጦቹ የሚቀመጡት ማሰሪያዎቹ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው።

ለ1ኛው ክፍለ ዘመን ምርጡ አርአያ ጀርመን ውስጥ ዣንተን የተገኘው ስብስብ ነው። ብር የተቀባ ነሐስ ነው፤ አሁን የብሪታንያ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ከክብ ጌጦቹ አንዱ ላይ የፈረሰኛ አዛዥ የነበረው የፕሊኒ ስም ተነጥቦበታል። በኋላ የተፈጥሮ ታሪክ ጸሐፊ የሆነው ትልቁ ፕሊኒ ነው። ከፈረስ ላይ ጦር ስለመወርወር መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ አልደረሰንም። ጌጡን ባየሁ ቁጥር የማስበው ያንን መጽሐፍ ነው።

በጌጥ ላይ ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ በአሸዋ ቅርጽ የፈሰሰ ነሐስ ነው፤ ከባድና ውድ ነው፤ ግን ልጅ ይወርሰዋል። ሌላው ከቀጭን ናስ ተቀጥቅጦ ቆርቆሮ የተቀባ ነው፤ ከሩቅ ልዩነቱ አይታይም፤ ዋጋውም ቀላል ነው። ለጀማሪ ሁለተኛው ይበቃል። ጌጡ ሲጋለብ የፈረሱን ክርንና ትከሻ የሚመታ ከሆነ ግን አሳጥሩት፤ ድንጋዩ ላይ ረጅም ሆኖ ቢታይም እንኳ።

መጋለቡን የት እንማር?

አሪያን የተባለው የካጰዶቅያ ገዢ በ136 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የፈረሰኞችን የትርዒት ልምምድ ጽፏል። አንዱ ወገን ጋሻውን ደግኖ ይቆማል፤ ሌላው እየጋለበ ብረት የሌለው ጦር ይወረውርበታል፤ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ጃን ሜዳ ላይ ጉግስ ያየ ሰው ይህን ሲያነብ ቶሎ ይገባዋል። ይህን ለማድረግ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ ያለ እርካብ የሚጸና መቀመጫና በአንድ እጅ ፈረስ መምራት። የመማሪያ ቦታ ስትመርጡ በእነዚህ ሁለቱ መዝኑ።

ተራ የግልቢያ ትምህርት ቤት መሠረቱን ይሰጣል። ነገር ግን ብዙዎቹ እርካብ ላይ ያስቆሟችኋል። አሰልጣኙ ፈረሱን በረጅም ገመድ ይዞ በክብ እያስሮጠ፣ እናንተ ያለ እርካብና ያለ ዛብ እንድትቀመጡ ያደርግ እንደሆነ ጠይቁ። እምቢ ካለ ሌላ ፈልጉ። ሶምሶማ ላይ ያለ እርካብ ሳይንቀጠቀጡ መቀመጥ ከሁሉም የከበደው ነው። እሱን ካለፋችሁ ደንገላሳው ይቀልላል።

ቮልቲጅ የሚባለው የፈረስ ላይ ጂምናስቲክ ለሮማ ፈረሰኛ ትምህርት ከሁሉም ቅርብ ነው። እየሮጠ ካለ ፈረስ ላይ መውጣት፣ መውረድ፣ መንበርከክ ያስተምራል። ስለ ጦር ሥልጠና የጻፈው ሮማዊው ቬጌቲየስ ያሰፈረውም ይህንኑ ይመስላል። አዲስ ወታደሮች በእንጨት ፈረስ ላይ፣ በክረምት ጣራ ሥር፣ በበጋ ሜዳ ላይ፣ ከቀኝም ከግራም መዝለል ይማሩ ነበር። መጀመሪያ ያለ መሣሪያ፣ ኋላ በመሣሪያ። ጀርመን የምትኖሩ በየአካባቢያችሁ ክለብ ማግኘት አይቸግራችሁም።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የላም ጠባቂዎቹን ግልቢያ ተመልከቱ። ፈረሶቹ ዛብ አንገታቸውን ሲነካ ይዞራሉ፤ በአንድ እጅ ይመራሉ። ትልቁ ኮርቻ ለመቀመጫችሁ ብዙም ባይጠቅም እጃችሁ ግን ይማራል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ጥሩው መምህር የገጠር ፈረሰኛ ነው። እንጅባራ ላይ ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር የሚታየው መቀመጫ ከልጅነት የመጣ ነው። ፈረሶቻችንም ቁመታቸው ከአውሮፓ የስፖርት ፈረሶች ይልቅ ለሮማ ዘመን ፈረስ ይቀርባል። የኛ ሰው በእርካብ፣ ብዙ ጊዜም በአውራ ጣቱ ይዞ ስለሚጋልብ «አባባ፣ ያለ እርካብ ያስጀምሩኝ» ብላችሁ ለምኑ። የት ተጠንቅቃችሁ መውደቅ እንዳለባችሁ ሳይቀር ያሳዩአችኋል።

የትም ብትማሩ ዘመናዊ የራስ ቁር አድርጉ። ፊት የሚሸፍነው የሮማ ጭምብል እይታ ይከለክላል። እሱን ቆማችሁ ፎቶ ስትነሱ አድርጉት።

እንግዲህ ለእናንተ የቱ ይሁን?

ምርምር ለምትሠሩና የራሳችሁ ፈረስ ላላችሁ፦ የእንጨት አጽም፣ ቀላል ልጓም፣ በአንድ ቦታና ዘመን የተወሰነ ጌጥ። አናጢው በየስድስት ወሩ ጀርባውን እያየ የሱፍ ድልድሉን ያስተካክል። ሱፉ ሊታደስ ይችላል፤ እንጨቱ አይጨመርበትም።

በትርዒት ቡድን ለምትሳተፉና ፈረስ ለምትከራዩ፦ የሚስተካከል የዛሬ አጽም በሮማ ቆዳ። በ2017 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በሰሜን እንግሊዟ ካርላይል ውስጥ ሠላሳ የሚሆኑ ፈረሰኞች፣ አንድ ሙሉ የሮማ ጓድ ሆነው፣ ሕዝብ ፊት ቀርበው ነበር። እንዲህ ካለው ዝግጅት ለመግባት የሚጠየቀው በአንድ እጅ መምራትና በሰልፍ መጋለብ ነው፤ የጌጥ ብዛት አይደለም።

ገንዘብ ለሚያጥራችሁ፦ ያላችሁን ሁሉ ትምህርት ላይ አውሉት። ግላስና ቀላል ልጓም ይበቃችኋል። የደረት ማሰሪያውን ራሳችሁ ስፉ፤ አንድ ጌጥ ብቻ መሃሉ ላይ አድርጉ። የሰሜን አፍሪካ ፈረሰኛ ሆናችሁ ብትቀርቡ ማንም ጎደለ አይላችሁም።

ፈረስ ጭራሽ ለሌላችሁ፦ ከወፍራም ግንድና ከአራት ቋሚ እንጨት፣ 140 ሴንቲሜትር ያህል ከፍታ ያለው የእንጨት ፈረስ ግቢያችሁ ውስጥ አቁሙ። ግንዱን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፤ ሥሩ ላይ አሸዋ አፍስሱ። ከግራ ዝለሉ፣ ከቀኝ ዝለሉ፣ ያለ ጋሻ፣ ከዚያ በጋሻ። የምትሠሩትን ኮርቻ ቀንድ ልክም እዚያው ላይ ለኩት። ታፋችሁ ቀንዱ ሥር ሳይጨመቅ ገብቶ በቀላሉ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ቀንዱን ወደ ውጭ አዘንብሉት።